የክላራ ዕድሜ፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ አንጋጫ

ሽሮ ሜዳ ያሉ ጎረቤቶቼን «ሆሳዕና ልሄድ ነው» ስላቸው ግማሾቹ «ምን ነካሽ፣ ፋሲካ ገና ሦስት ወር ይቀረው የለ?» አሉኝ። ከተማ መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ «እዚያ ምን አለሽ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን ኤርሚያስ ባይደውልልኝ አልሄድም ነበር። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ «እስቲ አጫውቺን» እያሉ ለነዘነዙኝ ለእነሱ ነው።

ኤርሚያስ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። እኔ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ቀረሁ፤ እሱ አገሩ ገብቶ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዓመት ከአስራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ሴት ልጆች የመረብ ኳስ ሊግ አቋቁሞ ነበር። ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜና አንጋጫ ከጥቅምት ጀምሮ እየተዟዟሩ ሲጫወቱ ከረሙና ጥር ላይ ዋንጫው ሊለይ ሲል አሰልጣኞቹ በዳኛ ተጣሉ። የሀዲያዎቹ፣ ሆሳዕናና ሾኔ፣ ከከምባታ የመጣ ዳኛ አንፈልግም አሉ፤ የከምባታዎቹ ዱራሜና አንጋጫም ከሀዲያ የመጣ አንፈልግም አሉ። ኤርሚያስ ሲጨንቀው ደወለልኝ። «ሰብሊ፣ አንቺ ከሁለቱም አይደለሽም፤ ደግሞ ቁጡ ነሽ፤ በሞቴ ነይልኝ» አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም፤ ግን ሄድኩ።

ረቡዕ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ጎህ ሲቀድ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ጫነልኝ፤ የዳኝነት ልብሴ፣ ጫማዬ፣ ፊሽካዬ፣ ሁሉ ነገሬ እዚያ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለሕክምና አዲስ አበባ ከርማ ሆሳዕና አጠገብ ወዳለው ሌሞ የምትመለስ ገበሬ ነበረች። ገና ዓለም ገና ሳንደርስ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ቆሎ እጄ ላይ ዘረገፈችልኝ፤ ስሜን የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ የማታውቀው ሰው ቢያናግርህ መጀመሪያ የምትዳስሰው ኪስህን ነው። እሷ ግን ቡታጅራ እስክንደርስ የልጆቿን ስም፣ የላሟን ዐመልና የጉልበቷን ሕመም አንድ በአንድ ነግራኝ ጨረሰች።

ቡታጅራ ለቁርስ ቆምን። ከጣሪያው ላይ ዕቃ ሲወርድ አይቼ ነበር፤ ምን አገባኝ ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ። ለካ አግብቶኛል! ሆሳዕና መናኸሪያ ረዳቱ የሁሉንም ዕቃ አውርዶ ሲጨርስ ከላይ ቁልቁል አየኝና «እማማ፣ ቡታጅራ የወረደው ጥቁር ሻንጣ የእርስዎ ነበር እንዴ?» አለኝ። «እማማ» ማለቱ ራሱ አናደደኝ፤ ገና አርባ እንኳ አልሞላኝም። ጮህኩበት፤ መናኸሪያው በሙሉ ቆሞ እስኪያየኝ ድረስ አምባረቅሁበት። ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ አስጨረሰኝና «እስከ ቅዳሜ አመጣዋለሁ፤ ባላመጣ ስሜን ቀይሩት» አለ። እኛ ዘንድ የጠፋ ሻንጣ ጠፋ ነው፤ እርሜን አወጣሁ።

ኤርሚያስ በባጃጅ ቤቱ ወሰደኝ። ባጃጅ ያኔ ለከተማው ገና አዲስ ስለነበር ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ወርዶ ጎማውን ይመለከታል። ግቢው በእንሰት የተከበበ ነው፤ እኛ ቤታችንን በቆርቆሮ አጥር እንሰውራለን፣ እነሱ በሚበሉት ተክል። ሚስቱ ዘነበች ነርስ ናት፤ ስታየኝ የዓመታት ናፍቆት ያለባት ይመስል አቅፋ ሳመችኝ፤ ያየችኝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ስትሠራ የዋለችውን አታካና አቀረበች፤ ቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራ የክብር ምግብ ነው። ኤርሚያስ ሊጸልይ ተነሣ። ስለ መንገዱ አመሰገነ፣ ስለ ሾፌሩ አመሰገነ፣ ስለ ጎማው ሳይቀር አመሰገነ። እኔ ዓይኔን ገልጬ ቅቤውን እያየሁ ድንገት ትዝ አለኝ፤ ረቡዕ!

«ዘኒ፣ አፈር ልብላ፣ ጾም ነኝ» አልኳት አሜን እንደተባለ። ጴንጤ ናት፤ ረቡዕን ከማክሰኞ የምትለይበት ምክንያት የላትም። ራሷን ይዛ «ኧረ በጌታ! ኤርሚያስ፣ አንተስ አብረሃት ስትማር አልነበረም?» ብላ ባሏ ላይ ጮኸች፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሰች። ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን ለማቅረብ ጊዜ አልፈጀባትም። «አታካናው ነገ ይጠብቅሻል፤ ነገ ማምለጫ የለሽም» አለችኝ፤ እውነትም በማግስቱ አላመለጥኩም።

ሐሙስ

ዘነበች ክሊኒክ የምታደርገውን ነጭ ጫማ ሰጠችኝ፤ በሁለት ቁጥር ስለሚበልጠኝ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቅንበት። ፊሽካ ከየት ይምጣ? ኤርሚያስ ሄዶ ከአንድ ትራፊክ ፖሊስ ተውሶ መጣ። ሜዳው አስፋልቱ ጥግ ያለ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ጨዋታ ለማስጀመር ፊሽካውን ስነፋ መንገድ ላይ የነበሩ ሦስት ባጃጆች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አንደኛው ሾፌር መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ይጠብቃል። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ዳኛ መሆኔን ረስቼ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ መቀለጃ እሆን ነበር።

ያን ቀን አንጋጫ ከሆሳዕና ተጫወተች። ክላራን ያየኋት ያኔ ነው። የአንጋጫ ቁጥር ሰባት፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ የክንዷ ርዝመት የማያልቅ ልጅ። ዘላ ስማሽ ስትመታ የሆሳዕና ልጆች ኳሱን ከመመለስ ይልቅ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ነጥብ ባገባች ቁጥር ግን አትጨፍርም፤ ወደ ጓደኞቿ ዞራ ኳሱን ያቀበለቻትን ልጅ ትከሻ መታ ታደርጋለች። አንጋጫ አሸነፈች፤ ለዋንጫው ቅዳሜ ከሾኔ ጋር ልትገናኝ ሆነ።

ላቤን እየጠረግሁ ሳለ የሾኔው አሰልጣኝ ደሳለኝ ወረቀት ይዞ መጣ። አጭር፣ ጠንካራ ሰው ነው። «ተቃውሞ አለኝ። ሰባት ቁጥሯ አስራ ስምንት ሞልቷታል» አለ። ወረቀቱ ልጅቷ አንጋጫ ውስጥ ከተማረችበት ትምህርት ቤት መዝገብ የተገለበጠ ነው፤ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሰባት ዓመቷ ነበር ይላል። ሲደመር አስራ ስምንት ይመጣል። ለሊጉ የተሞላው ቅጽ ላይ ደግሞ አስራ ስድስት ተብሎ ተጽፏል። የሊጉ ሕግ ምሕረት የለውም፤ ዕድሜዋ ያለፈ ተጫዋች ከተገኘች ቡድኑ ከጥቅምት ጀምሮ ያገኘው ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል። አስራ ሁለት ልጆች የአራት ወር ልፋታቸው ገደል ይገባል ማለት ነው። ጉዳዩን እንዲያይ የተመረጠው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፤ ኤርሚያስ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ተወካይ፣ ሦስተኛዋ እኔ።

ዓርብ

ጠዋት ጥርሴን እያጸዳሁ ሳለ ዘነበች «እንግዳ አለሽ» አለችኝ። ክላራ በር ላይ ቆማለች፤ ልጆቹ ካደሩበት ትምህርት ቤት በእግሯ ነው የመጣችው።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «አስራ ስምንት ሞልቶኛል።»

አፌ ውስጥ ያለውን ተፍቼ አፈጠጥኩባት። «ቅጹ ላይ አስራ ስድስት ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም።»

ቅጹን አይቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የተለቀመ ነው፤ የአስተማሪ ጽሑፍ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ከሥሩም የአባቷ ፊርማ አለ። አባቷ አስተማሪ መሆናቸውን ኤርሚያስ ነግሮኛል። ልጅቷ አባቷ የዋሹ መስሏት በአባቷ ፋንታ ልትቀጣ መምጣቷ ነው። «ጓደኞቼን ብቻ አትንኩብኝ» አለችና ዓይኗ ሞላ። «እነሱ ምንም አያውቁም። እኔ ልባረር፣ እነሱ ይጫወቱ።» ሕጉ እንደዚያ እንደማይል ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ። ቁጡ ነሽ ተብዬ ነው የተጠራሁት፤ እዚያች በር ላይ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ኤርሚያስ «ቅጹን የፈረሙት አባት ሳይጠየቁ አይወሰንም» አለ፤ ሚኒባስ ይዘን አንጋጫ ወረድን። ወረድን እላለሁ እንጂ መንገዱ መውጣት መውረድ ነው። አቧራው ቅንድቤን አነጣው። ግራ ቀኙ እንሰት ነው፤ በመሃል ስንዴ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰላም የሚባባልበት መንገድ። ከፊት አምባሪቾ ተራራ ሲታይ ኤርሚያስ «እንጦጦሽን ታስረሳሻለች?» አለኝ። አታስረሳኝም፤ ግን ቆንጆ ናት። አንድ ጎማ ፈነዳብን፤ ኤርሚያስ ረቡዕ ማታ ያመሰገነው ለሌላኛው ጎማ መሆን አለበት ብዬ ቀለድኩበት። አንጋጫ ስንደርስ በፈረስ ጋሪ ተሳፍረን ወደ መምህር ላምቦሬ ቤት ሄድን።

መምህር ላምቦሬ ረጅም፣ ሸበቶ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሲያዩን መጀመሪያ ያሉት «ልጄ ተጎዳች?» ነው። አልተጎዳችም ስንላቸው ተነፈሱ፤ ከዚያ ሳይበላ ወሬ የለም አሉ። ቆጮ፣ ጎመንና የተቀቀለ ባቄላ አቀረቡልኝ። ስለ ጾሜ ልናገር ስል «ዓርብ አይደል እህቴ፣ እኛም ካቶሊኮቹ የፍስክ አንበላም» አሉኝ። በልተን እጃችንን ስንታጠብ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ልጅዎ አስራ ስምንት ሞልቶኛል ብላ አምናለች፣ ቅጹንም የሞላሁት እኔ ነኝ ብላለች አልኳቸው።

እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። «እኔ ነኝ የሞላሁት» አሉ በመጨረሻ። «ቅጹ ላይ ያለው እውነት ነው። ውሸቱ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው፤ እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጊዜ አንደኛ ክፍል የሚመዘግቡት እሳቸው ነበሩ። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ስለሌለ፣ በየአገሩ እንደሚደረገው፣ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይደረጋል፤ ከደረሰ ሰባት ሞልቶታል፣ ካልደረሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔም ሽሮ ሜዳ እንደዚያው ነው የገባሁት። የክላራ እናት ስትሞት ልጅቷን የያዘቻት የመምህሩ እህት ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እህትየው አግብታ ሄደች። አምስት ዓመት የሆናትን ልጅ ቤት ዘግቶባት መሄድ ሆነ። «እስቲ ጆሮሽን ንኪ አልኳት» አሉ። «ክንዷ ረጅም ነው፤ ጆሮዋን አልፎ ጉንጯን ያዘ። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ክፍሌ ውስጥ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ኮቴን አለብሳታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«ልጅ ናት፣ ለሰው ታወራለች ብዬ። በኋላ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሲቆጥር እኔም መንገሩን ተውኩት። ለሊጉ ቅጽ ሙላ ስባል ግን ሁለተኛ መዋሸት ከበደኝ።»

ወደ ቤተክርስቲያን ሄደን ቄሱ የጥምቀት መዝገቡን አወጡልን። ክላራ በተወለደች በወሩ ተጠምቃለች፤ ዓመተ ምሕረቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አስራ ስድስት! ኤርሚያስ «ሃሌሉያ» ሲል ቄሱ ፈገግ አሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ግን አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ የመንግሥት መዝገብ በቤተክርስቲያን ወረቀት አይሻርም፣ የመዘገበው ሰው ራሱ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ስህተቱን ካላመነ በስተቀር። ይህን ለመምህር ላምቦሬ ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሐሰት መዘገብኩ ያለ አስተማሪ በግምገማ ምን እንደሚጠብቀው ሦስታችንም እናውቃለን።

ማዳበሪያ ሙሉ ድንች ሚኒባሱ ላይ አስጫኑልን፤ እመጣለሁ ግን አላሉም።

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። የሁለቱም ቡድን ልጆች መስኮቱን ሞልተውታል። የመምህሩ ወንበር ባዶ ነው። ተወካዩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደሳለኝ እግሩን ያወዛውዛል፤ ክላራ ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። «እንወስን» ሊባል ሲል መምህር ላምቦሬ ገቡ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው ነው የመጡት፤ አቧራ እንዳለበሳቸው ቆሙ።

ሁሉንም ተናገሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ክላራ «አስራ ስድስት» የሚለውን ስትሰማ አንገቷን ቀና አድርጋ አባቷን ታያቸው ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗን አልነቀለችም። «የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም» አሉ መምህሩ። «እጅህ አልደረሰም እያልኩ ስንት የሰው ልጅ ከበር መልሻለሁ። ለእኔዋ ስትሆን በሩን ከፈትኩላት።»

ደሳለኝ ተነሣ። «አንዱ እኔ ነኝ» አለ። ልጅ ሳለ አያቱ ጋ አንጋጫ ነበር ያደገው። «ሁለት ዓመት መለሱኝ። ስምንት ሞልቶኝ ነበር፤ ክንዴ ነው ያጠረው። በሦስተኛው ዓመት አንገቴን አጣምሜ ነካሁት።»

መምህር ላምቦሬ አተኩረው አዩት። «ደሳለኝ? የእማማ ሹጌ የልጅ ልጅ? ይቅር በለኝ ልጄ።» ዝቅ ብለው እጅ ሊነሱት ሲሉ ደሳለኝ ተንደርድሮ ትከሻቸውን ያዘና «ኧረ መምህር፣ ይተዉ፣ እኔን ነው የሚያሳፍሩት!» አለ። ወዲያው ወደ እኛ ዞሮ «ተቃውሞዬን መልሱልኝ» አለ። ወረቀቱን መለስንለት። ተወካዩ ግን የመምህሩን ቃል ጽፈው አስፈረሟቸው፤ «ደብዳቤ ይደርስዎታል» አሉ። «ይድረሰኝ» አሉ መምህሩ። ደብዳቤው ምን እንዳመጣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ልክ ስንወጣ የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን በገመድ ጠፍሮ በር ላይ ቆሟል። ቡታጅራ በስህተት የወሰዱት ሰዎች ቤት ድረስ ሄዶ ነው ያመጣው። በረቡዕ ጩኸቴ አፈርኩና ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምንም እንዳልሆነ ነገረኝ።

ጨዋታውስ? የክላራ ቡድን ዋንጫውን ይዞ ሲጨፍር ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። ሁለት ለሁለት ሆኑ፤ አምስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ክላራ ዘላ የመታችው ኳስ ከኖራው መስመር አንድ ጣት ያህል ወጣ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ባላይ በወደድኩ። ፊሽካውን ነፋሁ። ሾኔዎች እርስ በርስ ተቃቀፉ። ክላራ ወደ እኔ ስትመጣ ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ «ወጥቷል ቲቸር፣ እኔም አይቼዋለሁ» ብላኝ ሄደች።

እሑድ

ዘነበች ከቤተክርስቲያን በፊት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ጫማዋን ልመልስላት ብል እምቢ አለች። መምህር ላምቦሬና ክላራም ወደ አንጋጫ የሚሄድ መኪና እየጠበቁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አውቶቡሴ እስኪሞላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክላራ የሚመጣው ዓመትም መጫወት እንደምትችል ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥራለች።

«አባዬ» አለች። «እማዬ ስትሞት ታዲያ ስንት ዓመቴ ነበር?»

«ትምህርት ቤት ከመግባትሽ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሦስት።»

«አምስት አልነበረም?»

«ሦስት ነው ልጄ። ገና ሦስትሽ ነበር።»

ክላራ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። «እኔ አምስት እያልኩ ነው የኖርኩት» አለች ከእጇ ሥር። «ጓደኞቼ የአምስት ዓመታቸውን ነገር ሁሉ ያስታውሳሉ። እኔ የእናቴን ፊት እንኳን አላስታውስም። ስላልወደድኳት ነው የረሳኋት እል ነበር።»

ስንት ሰው ፊት ያልተንቀጠቀጠው የመምህር ላምቦሬ ድምፅ ያኔ ተሰበረ። «በሦስት ዓመት ማን ያስታውሳል፣ ልጄ?» አሉ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስጠግተው። «ማንም አያስታውስም። እኔ አስታውሳለሁ፤ እኔን ጠይቂኝ።»

ቀና ብላ «ረጅም ነበረች?» አለች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር መልሱን አልሰማሁም። ተሳፍሬ በመስኮት ዞሬ ሳይ ግን መምህር ላምቦሬ ከወንበሩ ተነሥተው፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ ትንሽ ዝቅ፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ እያደረጉ ቁመቷን ያሳዩዋት ነበር።